የበሪሁን እሺ

በሪሁን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ "አይሆንም" ያለባቸውን ቀናት ቢቆጥር የአንድ እጁ ጣቶች ይተርፉታል። አባቱ "እሺ ይበልጣል ከሺህ" እያሉ ነው ያሳደጉት። እሳቸው ተረቱን ያመጡት ልጃቸው ታዛዥ እንዲሆን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ከነገር መሸሻ እንዲያደርገው አልነበረም። ልጅ ግን ከምክር ውስጥ የሚመቸውን መርጦ ነው የሚወስደው፤ በሪሁንም እሺን ወሰደ፣ መታዘዙን ተወው።

ሚስቱ ፋናዬ እሺውን በድምፁ ትለየዋለች። ቶሎ ብሎ፣ ዓይኗን እያየ ካላት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቃሉን ሳብ አድርጎ፣ ወደ በሩ ወይም ወደ ስልኩ ዞር እያለ ካላት ግን "አንቺ እንዳሻሽ፤ ኋላ እኔን እንዳትጠይቂኝ" ማለቱ ነው። መኝታ ቤታቸው ያለው ቁም ሣጥን በሩ አልጋውን እየመታ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። የተገዛው በዚህ በሁለተኛው እሺ ነው። "ስፋቱን ነግሬህ እሺ ብለህ አልነበር?" ስትለው፣ "እኔ መቼ ለካሁት?" አላት፤ ሜትር ከኪሱ የማይለየው ሰው።

ሥራው መለካት ነው። ያለው የቅየሳ ዲፕሎማ ቢሆንም ሳይት ላይ ሁሉም "ኢንጂነር" ይለዋል፣ እሱም አንድ ቀን አላረማቸውም። ከአዲስ አበባ ኪራይ ተገፍቶ ቡራዩ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ፣ ጠዋት ከቡራዩ ተነስቶ፣ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ቀይሮ፣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ቢሮው ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ወስዶ ሱሉልታ ብርድ ውስጥ ሊያወርደው ይችላል። የመንግሥት ግንባታ የያዙ ኮንትራክተሮችን ይቆጣጠራል። አሸዋው አፈር እንዳይበዛበት ያያል፣ የግንቡን ውፍረት ይለካል፣ ለክፍያ የሚቀርበውን ልክ አረጋግጦ ይፈርማል። ጉቦ አይበላም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። ሰነፍም አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ሰው ፊቱ ቆሞ "ምን ይላሉ?" ሲለው ነው።

ባርናባስ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ነበር።

ባርናባስ ከወላይታ የመጣ ጊዜ ድንጋይ ተሸካሚ ነበር። ከዚያ ግንበኛ ሆነ፣ ከዚያ ግንበኞች ሰብስቦ በትንሽ ደረጃ የኮንትራክተር ፈቃድ አወጣ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይገኝም፤ በተረፈው ቀን የትም ብትፈልጉት ጭቃ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ጨረታ ከፉሪ ኮረብታ የሚወርደውን ጎርፍ ከመንደሩ አስቀይሶ ወደ ወንዙ የሚወስድ፣ ስድስት መቶ ሜትር የግንብ ቦይ መሥራት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የሰው ቤት እየገባ ዱቄትና ፍራሽ ይዞ ይሄዳልና መንደርተኛው ሥራውን ቆሞ ነበር የሚያሠራው።

በቁፋሮው መሃል፣ ርዝመቱ ዘጠና ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ፣ መሬቱ ተለወጠ። የአገሬው ሰው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ወጣ። ኮቲቻ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ በክረምት ደግሞ ያብጥና የተሠራበትን ግንብ እንደ ብስኩት ይሰብራል። ፕላኑን የሠራው ሰው ይህን አላወቀም፤ ሰማንያ ሳንቲ ቁፋሮ ብሎ ጽፎ ሄዷል።

"ኢንጂነር፣ ይሄ መሬት አይይዝም" አለ ባርናባስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ በቦት ጫማው እየረገጠ። "ግማሽ ሜትር ልጨምርና ጥቁሩን አውጥቼ በድንጋይ ልሙላው። ፕላኑ ላይ የለም፤ ክፍያም አልተያዘለትም። ምን ይላሉ?"

ፒክአፑ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። ሱሉልታ ላይ የድልድይ ኮንክሪት ሊሞላ ስለሆነ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቷል። በሪሁን ጉድጓዱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ወደ መኪናው ዞረና "እሺ" ብሎ ሄደ።

ደንቡ ሌላ ነው። በውሉ የሌለ ሥራ የሚታዘዘው በጽሑፍ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሪፖርት ያቀርባል፣ ቢሮው የአፈር ምርመራ ያዝዛል፣ የውል አስተዳደር ኃላፊዋ ይፈርማሉ። ሁሉም በየጠረጴዛው አንድ አንድ ሳምንት ቢያድር ሰኔ አልቆ ሐምሌ ይገባል። በሪሁን ይህን ሁሉ ያውቃል። ሪፖርቱን ነገ እጽፈዋለሁ አለ። ነገ ደግሞ ቡራዩ ላይ አንድ አጥር ፈርሶ ተጠራ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፣ ከዚያ ነገሩን ማስታወሱ ራሱ ደስ የማይል ሆነና ተወው።

ባርናባስ ጥቁሩን አውጥቶ በድንጋይ ሞላው፤ ክረምቱ መጣ፣ ጎርፉም መጣ፣ ቦዩም ያዘው። ኅዳር ላይ ባርናባስ የመጨረሻውን ክፍያ ሲጠይቅ ቢሮው ከመሬት በላይ የሚታየውን ለክቶ ከፈለው፤ ለዘጠናው ሜትር ተጨማሪ ቁፋሮና ለሞላበት ድንጋይ "የጽሑፍ ትዕዛዝ የለም" ብሎ ሰረዘበት። ባርናባስ ደብዳቤ ጻፈ። ቢሮው መለሰ። እንደገና ጻፈ። እየጻፈ ግን ሠራተኞቹ የሚበሉት ደብዳቤ አይደለምና ያለውን አንድ የሲሚንቶ ማቡኪያ ሸጦ የድካማቸውን ከፈላቸው። ማቡኪያ የሌለው ኮንትራክተር ደግሞ በሬ እንደሌለው ገበሬ ነው፤ የሚቀጥለውን ጨረታ በምን አቅሙ ይገባበታል?

ከዚያ የየዕለቱ ሥራ የሚመዘገብበት የሳይት ደብተር ወጣ። ደብተሩን የሚይዘው ሶያማ የሚባለው ፎርማን ነበር፤ ከቡርጂ የመጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሆነ፣ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚጽፍ ሰው። "ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ዝናብ ጀመረ። አምስት ከአርባ አባራ። ሁለት ግንበኞች ቀሩ።" የግንቦት ሃያ ሦስቱ ገጽ እንዲህ ይላል፤ "ኢንጂነር በሪሁን መጡ። ኮንትራክተሩ ግማሽ ሜትር ተጨማሪ ቁፋሮና የድንጋይ ሙሌት እንዲፈቀድ ጠየቁ። ኢንጂነሩ እሺ አሉ።" ከገጹ ግርጌ የበሪሁን ፊርማ አለበት። ደብተሩን በየሳምንቱ የመኪናው አፍንጫ ላይ አስደግፎ፣ ሳያነብ ነው የሚፈርመው።

ውሉ ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ በመነጋገር፣ ካልሆነ በፍርድ ቤት ይላል። ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ባርናባስ ሦስት ወርም የሚያቆየው የለውም። ስለዚህ የመነጋገሪያው ስብሰባ ቀን ተቆረጠ፤ በሪሁንም ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን የቢሮው ሕግ አዋቂ እስራኤል ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ገና ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም።

"ጋሽ በሪሁን፣ ነገ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃን" አለ። "እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው ይበሉ። አለቀ።"

"ሰምቻለሁ ለማለት..." አለ በሪሁን።

"ውሸት እኮ አይደለም። ሰምተውታል አይደል? ፈቅጄ ነው ካሉ ግን ያለ ሥልጣንዎ ሥራ አዘዋል ማለት ነው። ደረጃ ዝቅ ማድረግ አለ፣ የደመወዝ ቅጣት አለ። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ጡረታ ደግሞ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።"

በሪሁን ያውቀዋል። ቡራዩ ግቢው ውስጥ ጣራ የሚጠብቁ ሁለት ክፍሎች ቆመዋል፤ በጡረታው ሊጨርሳቸው ነው ያሰበው። ለእስራኤል ምን ብሎ እንደመለሰ መገመት አያስቸግርም።

ከሰዓት በኋላ ምክንያት ፈጥሮ ወደ ፉሪ ሄደ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ወረደው። ዘጠናው ሜትር የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚያልቅ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ሥራው ጥሩ ስለሆነ አይታወቅም፣ ስለማይታወቅም አልተከፈለበትም። አንድ ስንጥቅ ፈለገ፤ ቢያገኝ ደስ የሚለው ይመስል ጎንበስ እያለ ፈለገ። አላገኘም።

በቀለች የምትባል ሴት ቤቷ ቦዩን ተጠግቶ ነው። ልብስ እያሰጣች አየችውና አካም ጅርታ ብላ ሰላምታ ሰጠችው።

"ዘንድሮ አልጋችንን ድንጋይ ላይ አልሰቀልነውም" አለችው። "በመጣሁ በሰባት ዓመቴ ገና አሁን ክረምትን እንደ ሰው ተኝቼ አሳለፍኩት። እናንተን እግዚአብሔር ይስጣችሁ።"

"እናንተን" ስትል እሱንም ጨምራ ነው። በሪሁን ምርቃቱን እንደተሰረቀ ዕቃ ተሸማቆ ተቀበለና ፈጥኖ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቡራዩ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለፋናዬ ነገራት። መርካቶ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ስለምትሠራ እስከ ጦር ኃይሎች አብረው ነው የሚሄዱት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ታሪኩን ሳያሳጥር፣ እስራኤል ያለውንም ሳይደብቅ ጨረሰላት። ስለ ጡረታው ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ለእሷም ጡረታዋ ነው።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ "የትኛው እሺ ነበር?"

ታክሲው ደረሰ። ሰው ተጋፋ። በሪሁን ቀድሞ ገባ፣ እሷም ተከተለችው።

ስብሰባው ላይ አምስት ሰዎች ነበሩ። የሚመሩት የውል አስተዳደር ኃላፊዋ አዴ ዱርሲቱ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ግን የሚያቋርጣቸው የሌለ ሴት። ደብተሩ ጠረጴዛው መሃል ተዘርግቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ አምስት አዋቂ ሰዎች በሁለት ፊደል ላይ ተከራከሩ።

"እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው" አለ እስራኤል። "ስልክ ስናወራ እሺ፣ እሺ፣ እሺ እንል የለም? በእያንዳንዱ እሺ ብንጠየቅ ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ቤታችን ተሸጦ ነበር።"

"እኛ ሳይት ላይ አካፋ አምጣ ስንለው እሺ ያለ ሰው አካፋውን ያመጣል" አለ ባርናባስ። ድምፁን አላነሳም። ለስብሰባው ብሎ የለበሰው ኮት እጅጌው አጥሮታል።

አዴ ዱርሲቱ ፈገግ አሉ። "በኦሮምኛ ቢሆን ይቀለን ነበር። ኤዬ ካሉ እየሰሙ ነው፤ ቶሌ ካሉ ግን ተስማምተዋል እል ነበር። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ አስቸገረን።" ከዚያ ፈገግታቸውን ሰብስበው ወደ በሪሁን ዞሩ። "ኦቦ በሪሁን፣ ቃሉ የእርስዎ ነው። ምን ማለትዎ ነበር?"

እስራኤል እስክሪብቶውን አዘጋጀ። በሪሁን "ሰምቻለሁ" የምትለዋን ቃል ምላሱ ላይ አስቀምጧት ነበር የመጣው። ሌሊቱን አገላብጧት፣ ለስላሳ ሆናለች፤ ለመትፋት አትከብድም። ነገር ግን ባርናባስን ሲያይ፣ ባርናባስ እሱን አያየውም ነበር። መስኮቱን ነበር የሚያየው፣ የሚመጣውን አስቀድሞ እንዳወቀ ሰው። በሪሁንን የጎዳው ይህ ነው። ቢለምነው፣ ቢቆጣው ይሻል ነበር።

"እንዲሠራው ፈልጌ ነው" አለ በሪሁን።

ድምፁ ስለደከመ አዴ ዱርሲቱ ጆሯቸውን አስጠጉ። "ምን አሉ?"

"እሺ ያልኩት እንዲቆፍር ፈልጌ ነው። ካልቆፈረ ቦዩ ክረምቱን እንደማይሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። በወረቀት ላስፈቅድ ብል ዝናቡ ይቀድመን ነበር። ደግሞም..." ቆመ። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አልጠየቀውም፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጀግና ይመስል ነበር። "ደግሞም፣ እምቢ ብዬ ቦዩ ቢፈርስ እጠየቃለሁ፣ ጽፌ ባዝዝ ሂሳቡ ሲበዛ እጠየቃለሁ፣ እሺ ብዬ ብሄድ ግን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው። ሥራውን ፈልጌዋለሁ። ስሜ እንዲኖርበት ነው ያልፈለግኩት።"

እስራኤል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አዴ ዱርሲቱ ደብተሩን ዘግተው፣ "ይጻፍ" አሉ ለጸሐፊዋ። "እንዳሉት ይጻፍ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአካፋ ነበር። ከቦዩ ጎን በሦስት ቦታ ተቆፍሮ ታየ፤ ድንጋዩ ባርናባስ ባለው ጥልቀት ላይ፣ በአንዱ ቦታ እንዲያውም ከዚያ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቢሮው ለተሠራው ሥራ ሊከፍለው ተስማምቶ ሰነዱ ተፈረመ። ለበሪሁንም የቅጣት ደብዳቤ ደረሰው፤ ከደረጃው ዝቅ ብሎ፣ ከሳይት ሥራ ተነስቶ መዝገብ ቤት እንዲሠራ። ፋናዬ ደብዳቤውን አነበበች፣ አጣጥፋ መልሳ ሰጠችው፣ ክፍሎቹን በቆርቆሮ ፈንታ ለጊዜው በሸራ ማልበስ እንደሚቻል ተናገረች። ማታ ግን ራቱን ስትሰጠው ከራሷ አስቀድማ ለእሱ ነበር ያቀረበችው፤ ይህ እንኳ በትዳራቸው የተለመደ አልነበረም።

የሰነዱ ፊርማ ያለቀ ቀን ባርናባስ ከቢሮው በር ላይ ጠበቀው። አብረው ወደ ሰበታው ዋና መንገድ ወጡ። ባርናባስ አመሰገነው፤ ስለ ቅጣቱም ሰምቶ ስለነበር በጣም እንዳዘነ ነገረው። ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆመ።

"ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቀየሙኝ። ያን ቀን እሺ ሲሉኝ፣ እሺ እንዳላሉ አውቄ ነበር።"

በሪሁን ዞሮ አየው። "እንዴት?"

"ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል እኮ። እሺ ብለው ዓይንዎ ወደ መኪናው ከሄደ፣ እኛ እርስ በርሳችን 'በራሳችሁ ተወጡት ተባልን' ነው የምንባባለው። ግንበኞቹም ያውቁታል፣ ድንጋይ የሚያመላልሱት ሴቶችም ያውቁታል።" የተናገረው ያለ ክፋት ነው፤ ሰው የጓደኛውን አረማመድ እንደሚያውቅ ዓይነት።

"እንደማይከፈልህ አውቀህ ነው የቆፈርከው?"

"መሬቱ አይይዝማ" አለ ባርናባስ። "ታች ሰው ቤት አለ።"

በሪሁን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሺው ኋላ ተደብቆ፣ ማንም እንደማያየው እርግጠኛ ሆኖ ኖሯል። ለካ ሁሉም ሲያዩት ነው የኖሩት። በጨዋነት ዝም አሉት እንጂ። አፈረ፤ ከደረጃው መውረዱን በሰማ ቀን እንኳ እንደዚህ አላፈረም ነበር።

"ታዲያ" አለ፣ "ሁላችሁም የምታውቁ ከሆነ፣ ደብተሩ ላይ እሺ አሉ ተብሎ እንዴት ተጻፈ?"

"እሱማ ሶያማ ነው። ሥራ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነበር። እርስዎን አያውቅዎትም። እሺ ሲሉ ሰማ፣ አመነዎት፣ ጻፈው።" ባርናባስ ትንሽ አመነታ። "እኔም ደብተሩን ለቢሮው ሳቀርብ ልቤ ሙሉ አልነበረም።"

የጭነት መኪና አቧራ አንስቶ አለፈ። አቧራው እስኪወርድ ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ጠበቁ።

"አሁን የት ነው ያለው?" አለ በሪሁን።

"ገላን። የመጋዘን ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኔ ዘንድ ሥራ ቆሞ ስለነበር።"

"ስልኩን ስጠኝ።"

ባርናባስ ቁጥሩን ፈልጎ አወጣና ከመስጠቱ በፊት ግራ ተጋብቶ አየው። "ምን ሊሉት ነው?"

"ልክ ነው የጻፍከው ልለው ነው" አለ በሪሁን።